የሐር ትል ማርቢያ ሳጥን፦ ኮኩኑ ደጃፍ ላይ የሚቆም ጥሩ ዕቃ

ይህን የሐር ትል ማርቢያ ሳጥን የገዛሁት አንድ ነገር በቅርብ ለማየት ፈልጌ ነው፤ ይኸውም ትሉ በገዛ ክሩ ራሱን ጠቅልሎ ከዓይን ከተሰወረበት ሰዓት ጀምሮ ክንፍ አውጥቶ እስኪወጣ ድረስ ኮኩን በምትባለው በዚያች ትንሽ ልቃቂት ውስጥ የሚሆነውን። በሳጥኑ ክዳን ላይ «ከእንቁላል እስከ ሐር» የሚል ጽሑፍ በትልቁ ታትሞበታል። ሁለት ዙር አርብቼበት፣ በእያንዳንዱም ዙር ሠላሳ ያህል ትል ይዤ ካየሁት በኋላ የምሰጠው ፍርድ ይህ ነው፦ ሳጥኑ እስከ ፈትሉ መጀመሪያ ድረስ ያለውን ሥራ አሳምሮ ይወጣዋል፤ ኮኩኑ ተሠርቶ ካለቀ በኋላ ግን አምራቹ ነገሩ ያበቃ መስሎት እጁን ሰብስቧል። ለማየት ለሚፈልግ ገዢ ደግሞ ዋናው ነገር የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ባሉት ሁለት ሳምንታት ውስጥ ነው።

በሳጥኑ ውስጥ የሚመጣው ዕቃ በቁጥር ብዙ ነው። የጠራ ክዳን ያለው የፕላስቲክ ገንዳ፣ ትሎቹ የሚፈትሉበት ሠላሳ ክፍል ያለው የካርቶን ሰሌዳ፣ የሙቀትና የእርጥበት መለኪያ፣ አጉሊ መነጽር፣ ከጠራ ፕላስቲክ የተሠሩ ስድስት የመመልከቻ ብልቃጦች፣ በእጅ የሚዞር የክር መጠቅለያ፣ በወረቀት ላይ የተጣበቁ እንቁላሎች፣ መልበሪ ከሚባለው የእንጆሪ ዛፍ ቅጠልና ከአኩሪ አተር ዱቄት የተዘጋጀ ደረቅ ምግብ፣ እንዲሁም 24 ገጽ ያለው መመሪያ ይገኙበታል። ካርቶኑ ጠንካራ ሲሆን የቀለም ወይም የሙጫ ጠረን የለውም፤ የሐር ትል ሽታና ኬሚካል የማይችል ፍጥረት ስለሆነ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ገንዳው በቀላሉ ይታጠባል። አጉሊ መነጽሩ አሥር እጥፍ ያጎላል ቢባልም እውነተኛ ጠቀሜታው ባለ ማቆሚያ መሆኑ ነው፤ ሁለቱም እጆች ነጻ ስለሚሆኑ ያዩትን እዚያው መጻፍ ይቻላል።

ስለ እርባታው ክፍል ብዙ አልልም። ትሉ ቦምቢክስ ሞሪ በሚል የሳይንስ ስም የሚታወቀው ለማዳ ዝርያ ሲሆን ከዱር ዘመዱ ከቦምቢክስ ማንዳሪና ተነጥሎ ከሰው ጋር መኖር ከጀመረ ሺህ ዓመታት አልፈዋል፤ ስለዚህም ክዳን ቢከፈትለት እንኳ ምግብ ካለበት ቦታ ርቆ አይሄድም። እንቁላሎቹ በ25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ተቀምጠው በአሥራ ሁለተኛው ቀን ተፈለፈሉ። ሲወጡ ጥቁርና ጠጉራም፣ ርዝመታቸውም 3 ሚሊ ሜትር ገደማ ነበር። አራት ጊዜ ቆዳቸውን ጥለው በአምስት የዕድገት ደረጃዎች ካለፉ በኋላ፣ ከአንድ ወር ባነሰ ጊዜ ውስጥ 7 ሴንቲ ሜትር ገደማ ደረሱ። ደረቁ ምግብ በሙቅ ውኃ ተበጥብጦ ሲበርድ እንደ ገንፎ ይጠጥራል፤ ትሎቹም ሳያንገራግሩ በሉት። በሁለተኛው ዙር ትኩስ ቅጠል ብቻ ሰጠኋቸው። በሁለቱ ዙሮች የተገኙትን ባዶ የኮኩን ቅርፊቶች በሚዛን ሳነጻጽር፣ ከደረቁ ምግብ የወጣው ቅርፊት በአማካይ 0.31 ግራም፣ ከቅጠሉ የወጣው 0.38 ግራም ሆኖ አገኘሁት። ልዩነቱን በጣት ሲጫኑትም ያስታውቃል፤ ቅጠል የበላው ትል የሠራው ቅርፊት አይሰረጉድም።

የመጀመሪያው ጉድለት የሚታየው ትሉ ለመፍተል ሲደርስ ነው። መመሪያው «በ28ኛው ቀን ሁሉንም ትሎች ወደ መፈተያው ሰሌዳ አስገቡ» ይላል። የትል መድረስ የሚታወቀው ግን ከገላው እንጂ ከቀን ቁጥር አይደለም። የደረሰ ትል ምግብ ይተዋል፤ ገላው ያጥርና ይኮማተራል፤ እስከዚያ ድረስ ድፍን ነጭ የነበረው ቆዳ ብርሃን እያሳለፈ ወደ ብጫ ይወስደዋል፤ ደርቆ ይወጣ የነበረው ኩስ ይለሰልሳል፤ ከዚያም የፊት አካሉን ቀና አድርጎ የጠፋበት ነገር እንዳለ ሁሉ ራሱን ወዲያና ወዲህ ያወዛውዛል። በዚህ ሰዓት ትሉን በመስኮት ብርሃን ፊት ቢይዙት፣ ከጎንና ከጎኑ የተጠማዘዙት ሁለት የሐር ዕጢዎች ሆዱን ሞልተውት እንደ ደበዘዘ ጥላ ይታያሉ። የእኔ ትሎች የመጀመሪያው በ25ኛው ቀን፣ የመጨረሻው በ29ኛው ቀን ደረሱ። በመመሪያው መሠረት በመጠበቄ ሦስቱ በገንዳው ጥግ፣ በተረፈ ምግብና በኩስ መካከል ፈትለው የኮኩናቸው ሥር ቆሽሾ አገኘሁት፤ ገና ያልደረሱት ሁለቱ ደግሞ ከተሰጣቸው ክፍል ወጥተው ሌሊቱን በሰሌዳው ላይ ሲንከራተቱ አደሩ። በሁለተኛው ዙር መመሪያውን ትቼ ገላቸውን እያየሁ አንድ በአንድ ሳስገባቸው ይህ ችግር አልገጠመኝም።

የካርቶን ሰሌዳው ሐሳብ የመጣው ጃፓን ውስጥ ለሐር እርባታ ከሚያገለግለው ተሽከርካሪ መፈተያ መሆኑ ያስታውቃል። ትል ለመፍተል ሲዘጋጅ ወደ ላይ መውጣት ይወዳል። ተሽከርካሪው መፈተያ ይህንኑ ጠባይ ይጠቀምበታል፤ ትሎቹ ወደ ላይኛው ጠርዝ ሲሰበሰቡ ላይኛው ወገን ይከብድና ክፈፉ ራሱን ይገለብጣል፣ ታች የነበረው ባዶ ክፍል ላይ ይሆናል፣ እንዲህ እየሆነ እያንዳንዱ ትል የየራሱን ክፍል ያገኛል። የዚህ ሳጥን ሰሌዳ ግን ቀጥ ብሎ የቆመና የማይዞር ነው። ውጤቱም የሚጠበቀው ሆነ፤ ትሎቹ የላይኛዎቹን ሁለት ረድፎች ሲሻሙ የታችኛው ረድፍ ጾሙን አደረ፣ አራት ክፍሎች ውስጥም ሁለት ሁለት ትል ገብቶ በጋራ አንድ ኮኩን ፈተለ። እንዲህ ያለው መንታ ኮኩን ትልቅና ወፍራም ቢሆንም የሁለቱ ክር ተወሳስቦ ስለሚተሳሰር አንድ ወጥ ሆኖ አይተረተርም፤ ሸማኔዎች ከእሱ የሚሠሩት እዚህም እዚያም ጉብ ጉብ ያለበት ጨርቅ ዱፒዮኒ ይባላል፣ ጉብታውም እንደ ውበት ይቆጠርለታል። ለተመልካች መንታው ኮኩን ኪሳራ አይደለም፤ ነገር ግን መመሪያው ስለ እሱ አንድ ቃል ባለመናገሩ ልጅ ይዞ የሚያረባ ሰው አንድ ትል የጠፋበት ሊመስለው ይችላል። መፍትሔው ቀላል ነው፦ ሰሌዳውን በየሁለት ሰዓቱ በእጅ መገልበጥ ነው፤ ክሩ ወፍሮ ትሉ መቀመጫውን ከያዘ በኋላ ግን መንካት አይገባም።

እርጥበቱ ከዚህ የባሰ ጉዳይ ነው። ትል መፍተል ከመጀመሩ በፊት ሆዱን ባዶ ያደርጋል፤ ከለስላሳው ኩስ በኋላ የሚለቀው ፈሳሽ የአንዱ ጥቂት ቢሆንም የሠላሳው አንድ ላይ ሲሆን ገንዳውን ያረጥበዋል። ለፈትል የሚስማማው አየር ከ60 እስከ 70 በመቶ እርጥበት ያለውና የሚንቀሳቀስ ነው፤ አየሩ ከረጠበ ክሩን የሚያጣብቀው ሙጫ ቶሎ ስለማይደርቅ ንብርብሮቹ ከልክ በላይ ይያያዛሉ፣ ኋላም ሲተረተር ክሩ በየጥቂት ሜትሩ ይበጠሳል። የገንዳው ክዳን ያሉት ቀዳዳዎች ስምንት ብቻ ናቸው። በመጀመሪያው ዙር ጧት ስነሣ ክዳኑ ጉም ለብሶ ውስጡ አይታይም ነበር፤ መለኪያው ግን 64 በመቶ ብሎ ቁጭ ብሏል። ስለተጠራጠርኩ መለኪያውን እርጥብ ገበታ ጨው ካለበት ክዳን ጋር በአንድ ከረጢት ውስጥ አሽጌ አሳደርኩት። እንዲህ ባለ ከረጢት ውስጥ የአየሩ እርጥበት 75 በመቶ ላይ ስለሚረጋ መለኪያ ትክክል መሆኑ የሚፈተነው በዚህ ነው። የእኔው 61 አሳየ። ለሻጩ ስጽፍለት በቅርብ ቀን ሌላ ላከልኝ፣ ይህን አመሰግናለሁ፤ ሁለተኛው መለኪያም በዚያው ፈተና 66 አሳየ። ከዚያ ወዲህ መለኪያውን ትቼ በክዳኑ ፈንታ ስስ መረብ እያለበስኩ እጠቀማለሁ።

ይህን ሁሉ ወቀሳ ያስረሳኝ ግን የፈትሉ ሰዓት ነው፤ ሳጥኑም ከዋጋው በላይ የሠራልኝ እዚህ ላይ ነው። የካርቶኑ የፊት ረድፍ በጠራ ስስ ፕላስቲክ የተዘጋ በመሆኑ ትሉ ከመስኮቱ ጀርባ ሲሠራ በአጉሊ መነጽር መከታተል ይቻላል። ትሉ አስቀድሞ ከግድግዳ ወደ ግድግዳ ክር እየዘረጋ ላላ ያለ ድር ይሠራል፤ ይህ ኮኩኑ የሚንጠለጠልበት ማገር ነው። ከዚያም መሐል ላይ ሆኖ ራሱን የ8 ቁጥር ቅርጽ እያስያዘ ያመላልሳል፣ ጥቂት ከሠራ በኋላ ገላውን ዞር አድርጎ ሌላውን ወገን ይይዛል። በመጀመሪያው ምሽት ግድግዳው እንደ ጭስ ስስ ነው፤ ትሉ በውስጡ ሲዞር እያንዳንዱ እግሩ ይታያል። በማግስቱ ጥላው ብቻ ይቀራል። በሦስተኛው ቀን ጧት ከውጭ ሲታይ አንድ ጠጣር ነጭ ልቃቂት ብቻ አለ፤ ጆሮ ቢያስጠጉት ግን ቀጭን የመፋቅ ድምፅ ገና ይሰማል።

ብዙ ሰው ትሉ ክሩን ከአፉ የሚተፋ ይመስለዋል። በመነጽሩ የሚታየው ከዚህ የተለየ ነው። ክሩ የሚወጣው በታችኛው ከንፈር ላይ ካለች ትንሽ ቀዳዳ ነው፤ ትሉ ጫፉን ግድግዳ ላይ ያጣብቅና ራሱን ወደ ኋላ ሲስብ ክሩም አብሮ ይሳባል። በዕጢው ውስጥ ፈሳሽ የነበረው ሐር ወደ ጠጣር ክር የሚለወጠው በዋናነት በዚህ መሳብ ነው። ከሁለቱ ዕጢዎች የሚመጡት ሁለት ዘሃዎች ፋይብሮይን ከሚባል ፕሮቲን የተሠሩ ሲሆኑ፣ ሲወጡ ሴሪሲን የሚባል ሙጫ አንድ ላይ ይለብጣቸዋል፤ ከኮኩኑ ቅርፊት ክብደት ከሩብ የማይርቀው ይህ ሙጫ ነው። እንዲህ ሆኖ በሁለትና በሦስት ቀን ውስጥ የሚፈተለው ያልተቋረጠ ክር ከ600 ሜትር ጀምሮ በአንዳንድ ምርጥ ዝርያዎች ከ1,000 ሜትር በላይ ይደርሳል። መመሪያው ለዚህ ሁሉ የሰጠው አንድ ሥዕልና ሁለት ዓረፍተ ነገር ነው፤ ሥዕሉም ትሉ ክር ሲተፋ ያሳያል።

ከሁሉም የከፋው የመመሪያው ስሕተት የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። «ኮኩኑ በሦስተኛው ቀን ዝግጁ ስለሆነ ከሰሌዳው አውጡት» ይላል። በሦስተኛው ቀን ፈትሉ ያለቀ ቢመስልም ውስጡ ያለው ገና እጭ ነው፤ ክሩን ጨርሶ ገላው ያጠረና የደከመ፣ የመጨረሻ ቆዳውን ያልጣለ እጭ። ከዚህ በኋላ ባሉት አንድ ሁለት ቀናት ቆዳውን ጥሎ ፑፓ፣ ማለትም በእጭና በእሳት እራት መካከል ያለው ደረጃ፣ ይሆናል፣ አዲሱ ፑፓም በመጀመሪያ ብጫና እንደ ቅቤ ለስላሳ ነው። በዚህ ሰዓት ኮኩኑ ከተነካካ ወይም ከወደቀ ለስላሳው ቆዳ ይቀደድና የሚፈሰው ፈሳሽ ቅርፊቱን ከውስጥ ያበላሸዋል። አርቢዎች ከሰባተኛው ወይም ከስምንተኛው ቀን በፊት ኮኩን የማይለቅሙት ለዚህ ነው። በመመሪያው አምኜ በሦስተኛው ቀን ካወጣኋቸው ስድስት ኮኩኖች ሁለቱ በሳምንቱ ቡናማ ነጠብጣብ አውጥተው ሲሸቱ አገኘኋቸው። ፍተሻው ቀላል ነው፤ የደረሰ ኮኩን ጆሮ አጠገብ በቀስታ ሲነቀነቅ ፑፓው ደረቅ የሆነ የመንኳኳት ድምፅ ያሰማል፣ ያልደረሰው ድምፅ የለውም፣ የሞተው ደግሞ ከቅርፊቱ ጋር ተጣብቆ ስለሚቀር ዝም ይላል። የመጀመሪያውንና የመጨረሻውን ዝምታ የሚለየው የኮኩኑ ዕድሜና የቅርፊቱ ንጽሕና ነው።

የመመልከቻ ብልቃጦቹ ደግሞ የዚህ ዕቃ ምርጥ ሐሳብ ናቸው ብዬ አምናለሁ፣ መመሪያው ግን ለምን እንደሚያገለግሉ በቅጡ አላስረዳም። በስምንተኛው ቀን የኮኩኑን አንድ ጫፍ በምላጭ ቀስ ብሎ ቆርጦ ፑፓውን ማውጣትና በብልቃጡ ውስጥ ጥጥ ላይ ማስተኛት ይቻላል፤ ቅርፊቱ መጠለያው እንጂ የገላው ክፍል ስላልሆነ ሳይደርቅና ሳይታፈን ከተጠበቀ ያለ እሱም ዕድገቱን ይቀጥላል። በተቆረጠው ኮኩን ግርጌ እንደ ተጨማደደ ከረጢት የምትገኘው ጥቁር ነገር ትሉ የጣላት የመጨረሻ ቆዳ ናት፤ የራስ ቅሉ ሳይቀር ከነመንጋጋው ተሟልቶ ይታይባታል። ፑፓው በዚህ ጊዜ ቡናማና ጠንካራ ሆኗል። ሲነኩት የሆዱን ክፍል ብቻ እያሽከረከረ ይቃወማል፣ የፊት ክፍሉ ግን አይንቀሳቀስም። ክንፎቹ፣ እግሮቹና አንቴናዎቹ በቆዳው ላይ በተቀረጸ ምስል መልክ ደረቱ ላይ ታጥፈው ይታያሉ። ሴትና ወንድ የሚለዩትም እዚሁ ነው፤ የሴቷ ሆድ ስምንተኛ ክፍል ላይ የ«ኤክስ» ፊደል የመሰለች ቀጭን መስመር አለች፣ የወንዱ ደግሞ ዘጠነኛው ክፍል ላይ አንዲት ነጥብ አለችው። በአጉሊ መነጽሩ ስድስቱንም ለየኋቸው፤ ኋላ ሲወጡ አንዱን ብቻ ተሳስቼ ነበር።

በብልቃጡ ውስጥ ያየሁትን ለውጥ ቀን በቀን ጽፌዋለሁ። ከሁሉ አስቀድሞ የጠቆሩት ዓይኖች ናቸው፤ በቡናማው ቆዳ ሥር ሁለት ጥቁር ነጥቦች ብቅ አሉ። ከዚያ አንቴናዎቹ ጠቆሩ፣ በመጨረሻዎቹ ሁለት ቀናት ደግሞ ቆዳው ለስልሶ ክንፎቹ ከሥሩ እየነጡ መጡ። ከውጭ ዕረፍት በሚመስለው በዚህ ጊዜ ውስጥ ያን ሁሉ ክር የሠሩት የሐር ዕጢዎች ይፈርሳሉ፣ የትሉ ጡንቻዎች ይቀልጣሉ፣ በትሉ ገላ ውስጥ ተደብቀው የነበሩ ጥቃቅን የክንፍ ቡቃያዎች ይከፈታሉ። ለውጡን የሚያዘው ኤክዳይሶን የሚባለው ሆርሞን ለመጀመሪያ ጊዜ ተነጥሎ የወጣው ከዚሁ ከሐር ትል ፑፓ ነው፤ ቡቴናንትና ካርልሰን የተባሉት ጀርመናውያን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1954 ከ500 ኪሎ ግራም ፑፓ ያገኙት 25 ሚሊ ግራም ብቻ ነበር። በእጄ የያዝኳት ብልቃጥ ውስጥ ከሁለት ግራም የማትበልጥ ፑፓ መኖሯን ሳስብ፣ በውስጧ የሚያዘው ሆርሞን መጠን በምን እንደሚነገር ግራ ይገባኛል።

ፑፓነቱ እንደ ሙቀቱ ከአሥር እስከ አሥራ አራት ቀን ይፈጃል። እሳት እራቷ የምትወጣው አብዛኛውን ጊዜ ጎሕ ሲቀድ ነው፤ ከእኔ ሃያ ሁለቱ ከረፋዱ በፊት ወጥተዋል። ጥርስ የላትም፣ ቅርፊቱን መቅደድ አትችልም። ከአፏ ኮኩኔዝ የሚባል ኤንዛይም ያለበት ፈሳሽ ታፈስና የኮኩኑን አንድ ጫፍ ታርሳለች፤ ኤንዛይሙ ሙጫውን እንጂ ፋይብሮይኑን አይበላም፣ ስለዚህ ክሮቹ ይላላሉ፣ እሷም በራሷና በእግሮቿ እየገፋች ትወጣለች። በመነጽሩ ሲታይ አስቀድሞ አንድ እርጥብ ክብ ይወጣል፣ ክቡ ይጨልማል፣ ከዚያ ነጭ ጠጉራም ግንባር ይገፋል። ወጥታ ስታበቃ ክንፏ የተጨማደደ እርጥብ ጨርቅ ነው፤ የሚዘረጋው ቆንጥጣ የምትንጠለጠልበት ሻካራ ነገር ካገኘች ብቻ ነው። አምራቹ ይህን አላሰበበትም። የገንዳው ግድግዳ ለስላሳ ፕላስቲክ በመሆኑ ከካርቶኑ የወደቁት ሦስቱ እየተንሸራተቱ ክንፋቸው እንደተጠማዘዘ ደረቀ። ለማዳዋ የሐር እሳት እራት ክንፏ ቢዘረጋም እንደማትበር አውቃለሁ፤ ቢሆንም ይህን ጉዳት አንድ ቁራጭ ሻካራ ወረቀት ያስቀረው ነበር። ከመውጣት በኋላ የምትለቀው ቀይ ቡናማ ፈሳሽ ኮኩኖቹን እንደሚያበላሽም መመሪያው ቢናገር መልካም ነበር።

አሁን ወደ ክር መጠቅለያው ልምጣ፤ እዚህ ላይ የመመሪያው ዝምታ የሚያሳዝን ነው። አንድ ወጥ ክር ለማግኘት ኮኩኑ መበሳት የለበትም፤ እንዳይበሳ ደግሞ እሳት እራቷ ከመውጣቷ በፊት ፑፓው በሙቅ አየር ወይም በእንፋሎት መሞት አለበት። መመሪያው ግን «ኮኩኑን ሙቅ ውኃ ውስጥ ጨምሩና ጫፉን ፈልጉ» ብሎ ያልፈዋል፣ ውስጡ ምን እንዳለ አንድ ቃል አይናገርም። ይህ ዕቃ ለልጆች የሚሸጥ በመሆኑ፣ ስም አውጥቶለት ከሦስት ሳምንት በላይ የመገበው ፍጥረት በዚያ ውኃ ውስጥ መሆኑን ልጁ ከጨረሰ በኋላ እንዲያውቅ ማድረግ ተገቢ ነው ብዬ አላምንም። እኔ የመንታዎቹን ትቼ አምስት ኮኩን ብቻ ለዚህ መደብኩ። ሙቁ ውኃ ሙጫውን ሲያላላው የላይኛው ላላ ድር ተጠቅልሎ ይወጣል፣ ከዚያ እውነተኛው ጫፍ ይገኛል። የአንድ ኮኩን ክር ብቻውን ሲሳብ ለዓይን የሚታየው ብርሃን ሲያርፍበት ብቻ ነው፣ ቶሎም ይበጠሳል፤ ስለዚህ የአራትና የአምስቱን ጫፍ አንድ ላይ ይዞ መጠቅለል ያስፈልጋል፣ በሙያው ያሉትም የሚያደርጉት ይህንኑ ነው። መጠቅለያው ለዚህ በቂ ነው፣ እጀታው ግን ጠባብ ስለሆነ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ጣት ያሳምማል። ክሩ እያለቀ ሲሄድ ቅርፊቱ ይሳሳና ፑፓው ከውኃው ላይ ሲንከባለል በግልጽ ይታያል።

ይህን ማድረግ የማይፈልግ ሰው እሳት እራቶቹ የወጡባቸውን ኮኩኖች መጠቀም ይችላል፤ ክራቸው አንድ ወጥ ባይሆንም በሳሙናና በሶዳ ተቀቅሎ ሙጫው ሲለቅ እንደ ጥጥ ተባዝቶ ይፈተላል። የጉሎ ቅጠል የሚመገበው የኤሪ ሐር ትል ከመጀመሪያውም ኮኩኑን በአንድ ጫፍ ክፍት አድርጎ ስለሚሠራ የእሱ ሐር የሚዘጋጀው በዚሁ መንገድ ነው። አምራቹ በመጠቅለያው ፈንታ አንዲት ትንሽ እንዝርት ቢጨምር ኖሮ ሳጥኑ ለልጆችም ለፑፓዎቹም ይበጅ ነበር።

ዕቃውን ልግዛ ወይ ለሚል ሰው፣ ትኩስ ቅጠል በቅርብ የሚያገኝና መመሪያውን ወደ ጎን አድርጎ በዓይኑ የሚያምን ከሆነ አዎን እለዋለሁ፤ መስኮት ያለው መፈተያና የመመልከቻ ብልቃጦቹ ለየብቻ ተፈልገው የሚገኙ አይመስለኝም። መመሪያውን ተከትሎ ከልጅ ጋር ሊሠራ ያሰበ ግን ቢያንስ መረብ፣ ሻካራ ወረቀትና የሚታመን መለኪያ አስቀድሞ ያዘጋጅ። ለአምራቹ የጻፍኩት ዝርዝርም ይኸው ነበር፤ «ለቀጣዩ እትም እናየዋለን» የሚል አጭር መልስ ደርሶኛል።

ከሁለተኛው ዙር የወጡት ሴቶች በካርቶን ሰሌዳው ባዶ ክፍሎች ውስጥ እንቁላላቸውን ጥለዋል። አንዲቱ ብቻ ከ400 በላይ ጣለች፣ ቆጥሬዋለሁ። ሲጣሉ ብጫ የነበሩት በሦስተኛው ቀን ወደ ግራጫ ተለወጡ፤ ይህም ማለት የተዳቀሉና ለብዙ ጊዜ የሚተኙ ናቸው፣ ወራት በብርድ ካላሳለፉም አይፈለፈሉም። መመሪያው የሚያበቃው ክሩ ሲጠቀለል በመሆኑ ስለ እንቁላል የሚናገር ገጽ የለውም፤ እኔም ካርቶኑን ከነእንቁላሎቹ በወረቀት ጠቅልዬ፣ ቀኑን ጽፌበት፣ ማቀዝቀዣው ውስጥ አስቀምጬዋለሁ።